አባባን ያሳመነችው ሲስተር

ደብረ ብርሃን በአንድ የግል ክሊኒክ የምትሠራ ሲስተር አለች። ስሜን አትጻፊ ብላኛለች። ውለታዋን ግን ሳልናገር አላልፍም።

አባቴ የመንዝ ገበሬ ናቸው፤ 60 ዓመት አልፏቸዋል። ጎረቤታችን በትልቁ አንጀት ካንሰር ካረፉ ወዲህ እንዲመረመሩ ለመንናቸው። «በዚያ በኩል ቱቦ አላስገባም» አሉ፤ በቃ።

ሲስተር አልተቆጣቻቸውም። «አባባ፣ ቱቦውን ለጊዜው እንተወው። ትንሽ ሰገራ ብቻ ያምጡልኝ» አለቻቸው። ፖሊፕም (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ሆነ ካንሰር በዓይን የማይታይ ደም ሊያደማ እንደሚችል አስረዳቻቸው። ኤፍ አይ ቲ የሚባለው ምርመራ የሚፈልገው ያንን ደም ነው። የሰውን ደም ብቻ ስለሚለይ ሥጋ መተው የለም፤ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት መጠጣትም የለም። የቆየው ዓይነት ግን የበላነውን ሥጋ ደም ጭምር ስለሚያነብ ከምግብ ያስከለክላል። አባባ «ጾሜንስ አያስፈታኝም?» አሉ። «በፍጹም» አለቻቸው።

እኔን የማረከኝ ግልጽነቷ ነው። ሰገራውን ከመቀበሏ በፊት «ደም ከተገኘ ኮሎኖስኮፒ፣ ያ የፈሩት የቱቦ ምርመራ፣ የግድ ነው። ያኔ እምቢ የሚሉኝ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ» አለች። አባባ ዝም ብለው ቆዩና «እሺ፣ ቃሌ ነው» አሉ። ነጻ ቢሆኑም በየዓመቱ መደገም እንዳለበት ነገረቻቸው።

ደም ተገኘ። ራሷ ደወለችልን። «አትደንግጡ፣ ኪንታሮትም ያደማል፤ ግን መታየት አለበት» ብላ ሪፈር ጻፈች። አዲስ አበባ ላይ በኮሎኖስኮፒ ፖሊፕ ተገኘ፤ እዚያው ተነሣ። ገና ካንሰር አልሆነም። ፖሊፕ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ቀድሞ መመርመር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. ስለጸደቀው የደም ምርመራም ጠይቄያት ነበር። ካንሰሩን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ፖሊፕን ግን አብዛኛውን ያመልጠዋል አለችኝ። ለአባባ ሰገራው ይሻል ነበር ማለት ነው።

ሰገራው ላይ ደም የሚያይ፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ወይም ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ግን ይህን የሰገራ ምርመራ አይጠብቅ። በቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂድ።

የደብረ ብርሃን፣ የደብረ ሲና፣ የመሐል ሜዳ ልጆች፣ 45 ዓመት ያለፈው ወላጅ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ክሊኒኩን እጠቁማችኋለሁ። ሲስተርዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አባባም በየቀኑ ይመርቁሻል።