ምስጢር ጠባቂው መልእክተኛ፦ የኮቪድ-19 ንክኪ ማስጠንቀቂያ መተግበሪያዎች ሲመዘኑ

በወረርሽኝ ጊዜ የአንድ አካባቢ ነዋሪ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ በሽታው እኔ ዘንድ ደርሷል ወይ፣ ከደረሰስ ምን ላድርግ? እ.ኤ.አ. በ2020 አፕልና ጉግል በጋራ ያወጡት የንክኪ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት፣ በእርሱም ላይ ተመሥርተው የተሠሩት የየአገሩ መተግበሪያዎች፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ የተሰናዱ ነበሩ። የእንግሊዝና ዌልሱም ሆነ የጀርመኑ መተግበሪያ በ2023 ሥራቸውን ቢያቆሙም፣ ሌላ ወረርሽኝ ሲከሰት ይኸው አሠራር ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ብዬ ስለማምን፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳጎደለ መመዘን ጊዜው አላለፈበትም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ምስጢር በመጠበቅ ረገድ እጅግ የሚመሰገን፣ ማስጠንቀቂያው የደረሰውን ሰው በማገዝ ረገድ ግን ከመንገዱ አጋማሽ ላይ የቆመ አገልግሎት ነው።

አሠራሩን በቅርበት እንየው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። በኪሳቸው ያሉት ስልኮች በብሉቱዝ አማካይነት ኮድ ይለዋወጣሉ፤ ኮዱ በየ10 እስከ 20 ደቂቃ ስለሚቀያየር፣ ከውጭ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው ይህ የእገሌ ስልክ ነው ብሎ ሊከታተለው አይችልም። እያንዳንዱ ስልክ የሰማውን ለ14 ቀናት ያህል በራሱ ውስጥ ያኖራል። ከሁለቱ አንዱ ከቀናት በኋላ ተመርምሮ ቫይረሱ ቢገኝበት፣ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ፣ የምርመራ ውጤቱ መረጋገጡን ተከትሎ የስልኩን ቁልፎች፣ ማለትም ኮዶቹ የሚመነጩባቸውን ምስጢራዊ ቁጥሮች፣ ወደ ማዕከላዊ ቋት ይልካል። የሌላው ሰው ስልክ ደግሞ የእነዚህን ቁልፎች ዝርዝር አውርዶ ቀደም ሲል ከሰማቸው ኮዶች ጋር ያመሳክራል፤ ከተመሳሰለ፣ ቅርበቱና የቆይታ ጊዜውም የጤና ባለሥልጣኑ ካስቀመጠው ልክ ካለፈ፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህ ልክ በብዙ አገሮች 2 ሜትር በማይሞላ ርቀት ለ15 ደቂቃ ያህል መቆየት ነበር። ሰዎቹ ማን እንደሆኑና የት እንደተገናኙ ግን ሥርዓቱ አያውቅም።

ይህ ጥንቃቄ የበዛ የሚመስለው ሌላውን መንገድ ላላየ ሰው ነው። ሲንጋፖር በማርች 2020 ከብዙ አገሮች ቀድማ ባወጣችው መተግበሪያ፣ ታማሚው የንክኪ መዝገቡን ለጤና ሚኒስቴር ያስረክብ ነበር፤ መረጃው ለበሽታ ክትትል ብቻ እንደሚውል ተነግሮም ሳለ፣ በጃንዋሪ 2021 ፖሊስ ለወንጀል ምርመራ ሊወስደው እንደሚችል መንግሥት ለፓርላማ ገለጸ። ቁጣው ከተሰማ በኋላ አጠቃቀሙን በከባድ ወንጀሎች ብቻ የሚወስን ሕግ ወጣ። ኖርዌይም ሰዎች ያሉበትን ቦታ ሲመዘግብ የነበረውን የመጀመሪያ መተግበሪያዋን በጁን 2020 የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኗ ባቀረበው ተቃውሞ አቁማለች። ሕመሙን ቢናገር መዘዝ እንደሚከተለው የሚጠረጥር ነዋሪ መተግበሪያውን አይጭንም፣ ከጫነም ውጤቱን አያሳውቅም፤ ስለዚህ ምስጢር መጠበቁን እኔ የማየው እንደ የበሽታ መከላከያው አንድ አካል ነው።

የአፕልና ጉግል ሥርዓት ከስልኩ መሠረታዊ ሶፍትዌር ጋር መያያዙም ቀላል ጥቅም አልነበረም። ብሪታንያ ያለዚህ ሥርዓት በራሷ መንገድ ሠርታ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው ዋይት ደሴት የሞከረችው የመጀመሪያ መተግበሪያ ከአንድሮይድ ስልኮች 75 በመቶውን ሲለይ ከአይፎኖች የለየው 4 በመቶውን ብቻ ነበር፤ አይፎን ከማያ ገጹ ላይ የተነሣን መተግበሪያ እንደልቡ ብሉቱዝ እንዲጠቀም አይፈቅድለትምና። በአንጻሩ፣ አንድሮይድ 10ንና ከዚያ በፊት የነበሩትን ስልኮች የያዘ ሰው በአፕልና ጉግል ሥርዓት ላይ የተሠራ መተግበሪያ ለመጠቀም የስልኩን የአካባቢ መጠቆሚያ እንዲያበራ ይጠየቅ ነበር። ያለበት ቦታ አይመዘገብም፤ ሆኖም የት እንዳለህ አናይም የሚል መተግበሪያ የአካባቢ መጠቆሚያህን አብራ ሲል ተጠቃሚው ፊቱን ቢያጠቁር ማን ይፈርድበታል?

ልኬቱ ላይ ስንመጣ ቅሬታዬ ይበረታል። ብሉቱዝ ርቀትን የሚገምተው በምልክቱ ጥንካሬ ነው፤ የሰው ገላ ምልክቱን ያዳክመዋል፣ ብረት ደግሞ ያንጸባርቀዋል። ግድግዳም ሁልጊዜ አያግደውም፤ በመሆኑም አልጋቸውን ከአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ያስጠጉ ጎረቤታሞች፣ አንድም አየር ሳይጋሩ፣ አብረው እንዳደሩ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ቫይረሱ በአየር የሚተላለፍ ሆኖ ሳለ መስኮቱ ክፍት ይሁን ዝግ፣ ቦታው ሜዳ ይሁን ጠባብ ክፍል፣ ስልኩ አይለይም። የጀርመኑ መተግበሪያ አደጋው ዝቅተኛ ሲሆን የሚያሳየው አረንጓዴ ቀለምም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባው ነበር፤ ትርጉሙ መተግበሪያውን ከጫኑትና መያዛቸውን ካሳወቁት መካከል በቂ ጊዜ አጠገብህ የቆየ ሰው አልተገኘም ማለት ነው እንጂ፣ በሽተኛ አላገኘህም ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ጉድለት እያለበትም ግን ሠርቷል። በ2021 በኔቸር መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ የእንግሊዝና ዌልሱን መተግበሪያ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር 2020 ባለው ጊዜ 16.5 ሚሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከሕዝቡ 28 በመቶው፣ ዘወትር ይጠቀሙበት ነበር፤ 1.7 ሚሊዮን ያህል ማስጠንቀቂያዎችም ተልከዋል። ተመራማሪዎቹ በአንድ ስሌት 284,000፣ በሌላው 594,000 ሰዎች ከመያዝ እንደዳኑ ገምተዋል። የሁለቱ ግምቶች ልዩነት ሰፊ መሆኑ ባይካድም፣ ዝቅተኛው እንኳ ለአንድ የስልክ መተግበሪያ ትንሽ አይደለም።

ታዲያ ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሰው ምን ያድርግ? መተግበሪያው ራስህን ለይተህ ቤት ተቀመጥ ይልና የቀሩትን ቀናት ይቆጥርለታል። ሥራ ካልገባ የማይከፈለው ሰው ግን ቀን ከመቁጠር የሚያገኘው ነገር የለም። በእንግሊዝ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸውና ራሳቸውን ለይተው ለሚቀመጡ ሰዎች 500 ፓውንድ ይሰጥ ነበር፤ ሆኖም ማስጠንቀቂያው የደረሳቸው በመተግበሪያው በኩል ከሆነ እስከ ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ድረስ ገንዘቡን ማግኘት አይችሉም ነበር። መተግበሪያው ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ስለማያውቅ፣ ክፍያውን የሚሰጠው አካል መልእክቱ በእርግጥ ለማን እንደደረሰ ማረጋገጥ አልቻለም። ያንን ያህል የተደነቀው ምስጢራዊነት፣ ማንም አስቀድሞ ስላላሰበበት፣ ችግረኛውን ከእርዳታ አስቀረው። መፍትሔው ኋላ ቢመጣም፣ መምጣት የነበረበት መተግበሪያው ሥራ በጀመረበት ቀን ነበር። በጁላይ 2021 ደግሞ በሳምንት ከ600,000 በላይ ማስጠንቀቂያዎች ሲላኩ፣ ሠራተኛ የጎደላቸው ድርጅቶች አቤቱታ አሰሙ፤ ብዙ ሰውም መተግበሪያውን ወደማጥፋት ሄደ። በኦገስት ወር፣ ምልክት ያላሳየ ታማሚ ውጤቱን ሲያሳውቅ ወደኋላ ተመልሶ የሚታየው የንክኪ ጊዜ ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ዝቅ ተደረገ።

ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ኮቪድ-19 አብዝቶ የገደለው አረጋውያንን ሆኖ ሳለ፣ ስማርት ስልክ ከሌላቸው መካከል የሚበዙት እነርሱ መሆናቸው የሚያስቆጭ ነው። የሰፈሩ ሰው በጋራ ማወቅ የሚገባውንም፣ ምርመራ የት እንደሚሰጥ ወይም ክትባት መቼ እንደሚጀመር፣ ሥርዓቱ በራሱ አይናገርም፤ አንዳንድ አገሮች ይህን በየመተግበሪያቸው ላይ ጨምረውታል፣ ለተራ ስልክ ግን አጭር የጽሑፍ መልእክትና በሰው አንደበት የሚመልስ የስልክ መስመር የግድ ያስፈልጋል።

አብዛኛው ነዋሪ ስማርት ስልክ በያዘበት፣ የምርመራ ውጤት በአንድ ወይም በሁለት ቀን በሚደርስበት፣ ቤት ለሚቀመጠውም ሰው ድጎማ በተዘጋጀበት አካባቢ ይህን ሥርዓት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ውጤት ከሳምንት በኋላ በሚመጣበት ቦታ ግን ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ንክኪ የነበረው ሰው ሌሎችን ካስያዘ በኋላ ስለሚሆን፣ ገንዘቡ አስቀድሞ ለምርመራ ጣቢያና ቤት ለቤት ለሚሄዱ የጤና ባለሙያዎች ቢውል እመርጣለሁ።