ለእናቴ ጉልበት የትኛው መርፌ?

እናቴ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ስትሰግድ አርፍዳ መነሳት አቃታት። ሐኪሙ ሁለት አማራጭ ሰጣት፤ ስቴሮይድ ወይም ሃያሉሮኒክ አሲድ።

ስቴሮይዱ እብጠቱንም ሕመሙንም ቶሎ ያበርዳል። ጣጣው መደጋገሙ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 140 ሰዎችን ለ2 ዓመት ተከታትሏል። በየ3 ወሩ ትራያምሲኖሎን የተባለውን ስቴሮይድ የተወጉት ሰዎች፣ የጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንታቸው ሳስቶ ተገኘ። በሕመም ረገድ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። መጠኑ ሲበዛ መድኃኒቱ የልም አጥንቱን ሴሎች ይጎዳል። አብሮት የሚቀላቀለው ማደንዘዣም (ይሄን ማንም አያነሳውም) ለሴሎቹ አይመችም።

ሃያሉሮኒክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ማለስለሻ ነው። ለሴሎቹ ይሻላል፤ ማስታገሱ መጠነኛ፣ ዋጋው ግን ኪስ የሚያራቁት።

እኔ ጉልበቷ ሲያብጥ ብቻ አንድ ስቴሮይድ አልኩ። እሷ ደግሞ «መቋሚያዬን አቀብለኝ» አለችኝ።