ደረቅ የሪፍ ድንጋይ በሐዋሳ፦ ከብዙ ወራት አጠቃቀም በኋላ

ከውጤቱ ልጀምር። ሐዋሳ ላይ የጨው ውሃ አኳሪየም ለሚጀምር ሰው ደረቅ የሪፍ ድንጋይ፣ ማለትም ኮራል የሚባሉት የባሕር ፍጥረታት የገነቡት የደረቀ ድንጋይ፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ከ5 4 እሰጠዋለሁ። ግን ሻጮች «ለ200 ሊትር 20 ኪሎ ያስፈልጋል» ሲሏችሁ አትስሙ። እኔ ገንዳ ውስጥ አሁን ያለው 12 ኪሎ ገደማ ነው። የተረፈው በረንዳ ላይ የአበባ መደብ ይጠብቃል።

አኳሪየሜ ርዝመቱ 90፣ ስፋቱ 45፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ድንጋዩ የገባው ከዱባይ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ሻንጣው ሲከፈት አከራዬ እዚያው ቆመው ነበር። «አንተ ልጅ፣ ታቦር ተራራ ሥር ድንጋይ ሞልቶ ተርፎ በአውሮፕላን ታስመጣለህ?» አሉኝ። ሳቅን። ጥያቄው ግን የጀማሪ ሁሉ ጥያቄ ነው።

ታቦርም ሆነ እዚህ አካባቢ ያለው ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። ሲሊካ ይበዛበታል፣ አንዳንዱም ብረት አለው። ቀላሉ ዓይነትማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የሪፍ ድንጋይ ደግሞ ኮራሎችና ሌሎች የባሕር ፍጥረታት የገነቡት ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ልዩነቱን ለማየት ኮምጣጤ ይበቃል። የሪፍ ድንጋይ ላይ ጠብ ስታደርጉ አረፋ ያወጣል፣ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ጭጭ ይላል። በነገራችን ላይ እኛም አገር የሪፍ ድንጋይ አለ። ቀይ ባሕር ድሮ ዳናክል ድረስ ገብቶ ስለነበር የጥንት ኮራል ቅሪት በረሃው ውስጥ እስካሁን ይታያል። ያ ግን ለተመራማሪና ለጎብኚ ነው፣ ለእኔ ገንዳ አይደለም።

«ላይቭ ሮክ» የሚባለውን ከነሕይወቱ ከባሕር የወጣውን ለምን አልገዛህም የሚለኝ አለ። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ዓለም አቀፍ ንግዱ ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚገዛው የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ከውሃ ወጥቶ ረጅም መንገድ ሲጓዝ በላዩ ያለው ፍጥረት ይሞትና ይበሰብሳል። ሐዋሳ ሲደርስ የሚተርፈው ሽታና አሞኒያ ነው። የተረፈ ነገር ቢኖርም ደግ ላይሆን ይችላል። አይፕቴዢያ የምትባለው ተናዳፊ አኒሞኒ አንዴ ከገባች ማጥፋት ፈተና ነው። ደረቁ ድንጋይ ከእንዲህ ያለ ተባይ ነፃ ነው።

ጉድለቱስ? መጀመሪያ አቧራው። ካርቶኑ ሥር የተጠራቀመው ዱቄትና ፍርካሽ ቀላል አይደለም፣ ለሱም የሻንጣ ኪሎ ተከፍሎበታል። ቀጥሎ ቅርጹ። ብዙው ድቡልቡል ነው፤ ጠፍጣፋና ቅርንጫፍ ያለው ጥቂት ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የደረቀው የድሮ ብስባሽ ነው። በርሜል ውስጥ ከፓምፕ ጋር ዘፍዝፌ ሳቆየው ውሃው ቢጫ ሆነ። በተበረዘ በረኪና አጽድቼ፣ ደጋግሜ አለቅልቄ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። እንዲያም ሆኖ አልጌ የሚመግበውን ፎስፌት ለወራት ሲለቅ ነበር። ካርቶኑ ላይ «ለአገልግሎት ዝግጁ» ተብሎ የተጻፈውን እንደ ማስታወቂያ ውሰዱት።

አሁን ወደ አደራደሩ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ብዙ ሰው ድንጋዩን ከኋላው መስታወት ጋር አስጠግቶ እንደ አጥር ይከምረዋል። ሲታይ የሞላ ይመስላል። ችግሩ ከኋላው ያለው ውሃ አይንቀሳቀስም። የምግብ ትርፍራፊና የዓሣ ኩስ እዚያ ይከማቻል፣ ውሃውን የሚያበላሽ ናይትሬት ይወጣል፣ መስታወቱን ለማጽዳት እጅ አይገባም። እኔ ከኋላ አንድ ጋት ያህል ክፍተት ትቻለሁ፣ ከጎንና ከፊትም የመስታወት ማጽጃው የሚያልፍበት ቦታ አለ። ቁመቱም ከገንዳው ሁለት ሦስተኛ አያልፍም፤ ኮራል ወደ ላይ ስለሚያድግ ቦታ ይፈልጋል።

መሠረቱን የሠራሁት በጉልቻ ሥርዓት ነው። ሦስት ድንጋይ ከታች፣ ሰፊው ከላይ። ውሃው በመሐል ያልፋል፣ ዓሣውም ይሾልካል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እዚህ ግን ሦስቱን መለዋወጥ ብዙ ነገር ለወጠ። ሁለት ደሴት ሠርቼ በመሐላቸው አሸዋ ብቻ ተውኩ። ትልቁ ደሴት ወደ ግራ ነው። ትክክል መሐል ላይ ሲቀመጥ ሐውልት ይመስላል፣ ዓይን ቶሎ ይሰለቸዋል።

ይህን ሁሉ የምትሠሩት ገንዳው ባዶ ሳለ ነው። እንዲያውም ከገንዳው ውጭ። ካርቶን በ90 በ45 ቆርጣችሁ ወለል ላይ አንጥፉና እዚያ ደርድሩ። በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ አፍርሱትና እንደገና። ሲጸና ወደ ገንዳው ይገባል፣ ድንጋዩም በቀጥታ መስታወቱ ላይ ያርፋል። አሸዋው የሚፈስሰው ከዚያ በኋላ ነው። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ሥሩን የሚቆፍር ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ሲመጣ ይናዳል፤ 4 ኪሎ ድንጋይ መስታወት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ከድንጋዩ ጋር የመጣውን ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ አልመክርም። ከ5 1 ነው። እርጥብ ድንጋይ አይይዝም፣ እጅ ላይ ግን በደንብ ይጣበቃል። የተሻለው ጄል የሆነ ሱፐር ግሉ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ትቀቡና የዚያኑ ድንጋይ ዱቄት ትነሰንሱበታላችሁ። ወዲያው ይጠነክራል፣ ቀለሙም ይመሳሰላል። የረገምኩት ዱቄት እዚህ ጋ ጠቀመ ማለት ነው። ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥል በር ከፍታችሁ ሥሩ።

ደረቅ ድንጋይ ሲገባ ሕይወት የለውም፣ ሥራው የሚጀምረው ባክቴሪያ ሲለምድበት ነው። ከላዩ የሚኖሩት አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ኦክስጅን በማይደርስበት የቀዳዳው ጥልቀት ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይመልሱታል። በጠርሙስ የሚሸጥ ባክቴሪያና ቆንጠር ያለ የዓሣ ምግብ አስገብታችሁ ትጠብቃላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አይገባም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከዚያ ደግሞ አስቀያሚው ወቅት መጣ። መጀመሪያ ዳያተም የሚባል ቡናማ ደቂቅ አልጌ፣ ቀጥሎ ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ። ነጭ የነበረው ድንጋይ ማንም እንግዳ እንዲያየው የማይፈለግ ሆነ። ደረቅ ድንጋይ ላይ ይህ ወቅት ይረዝማል፣ ቦታውን ቀድሞ የሚይዝ ሌላ ሕይወት የለበትምና። ሲሊካ ያለበት የቧንቧ ውሃም ያባብሰዋል። ስለዚህ በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያልተጣራ ውሃ ገንዳዬ አይገባም። ቀንድ አውጣዎችና ትዕግሥት ቀሪውን ጨረሱት። የሚፈለገው ሐምራዊ ኮራላይን አልጌ የታየው በጣም ዘግይቶ ነው፤ እሱም አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ከሰጠኝ የኮራል ቁራጭ ጋር ገብቶ። ደረቅ ድንጋይ በራሱ አያበቅለውም።

ስለ ሐዋሳ አንድ ነገር ልጨምር፣ የውጭ መመሪያዎች አያነሱትምና። ከተማችን ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሊትር የጨው ውሃ ወደ 6.7 ሚሊግራም ይይዛል፣ እዚህ ወደ 5.5 ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ዓሣውም ድንጋዩ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም ያንኑ ጥቂት ኦክስጅን ይሻማሉ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከድንጋዩ ጋር አብሮ የሚገዛ ዕቃ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። ድንጋይ አሳንሱ የምለውም በከፊል ለዚህ ነው። ድንጋይ ባነሰ ቁጥር ገንዳው ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ፓምፑም ሁሉም ጥግ ይደርሳል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ውሃ ከመቀየሬ በፊት መርፌ በሌለው ትልቅ ስሪንጅ ቀዳዳዎቹን እፍ እላቸዋለሁ፣ ቆሻሻው ይወጣል፣ ከአሮጌው ውሃ ጋር ይሄዳል። 20 ሊትር ስቀይር 700 ግራም ጨው ይገባል። በሙቀት ለሚተነው ግን ጨው የሌለው ውሃ ብቻ፤ ጨው አይተንም። ሁለቱ ክላውንፊሾቼ የትልቁን ደሴት ቀዳዳ ይዘው ሌላ ዓሣ አያስጠጉም።

ለሚያመጣላችሁ ሰው ስታዙ ኪሎውን ብቻ አትንገሩት። የእኔን ለሚያህል ገንዳ 12 ኪሎ፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ጠፍጣፋ ለጣሪያ፣ አንድ ረጅም ለቅስት፣ የቀረው ጡጫ የሚያህል። ሻጩ ፎቶ ይላክ፣ ከመግዛቱ በፊት።