የጀልባዬ ፓምፕ ራሱ ውሃ ያስገባ ነበር፦ አዘዞ ላለው ኤሌትራውቶ ምስጋና

ሰላም ጎንደሮች። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ልማዴ አይደለም። ግን አንድ ሰው ሥራውን አሳምሮ ሲሠራ ዝም ማለት ከበደኝ። ሲያጭበረብሩንማ ለመጮኽ ማን ይቀድመናል!

የምኖረው ጎንደር ነው፤ ጀልባዬ ያለችው ጎርጎራ። የፋይበር ጀልባ ናት፣ አሥራ ሁለት ሰው ትጭናለች። ወደ ማንዳባና ወደ ሌሎቹ ገዳማት ተሳላሚ ታመላልሳለች። የሚነዳት የእህቴ ልጅ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት ጣና ተነሳ። ልጁ ተሳፋሪ ጭኖ ሲመለስ ወለሉ ሥር ያለው ውሃ እየጨመረ ሄደ። ውሃውን ወደ ውጭ የሚተፋው ፓምፕ ይጮኻል፣ ውሃው አይጎድልም። ቆይቶ ፓምፑም ጭራሽ ዝም አለ። በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዱ እየደፉ ነው ዳር የደረሱት። ማታ ደውሎ ሲነግረኝ እራቴን መጨረስ አልቻልኩም።

ያንን ፓምፕ የገጠመልኝን ሰው አልጠራም። ራሱን ያውቃል።

ለእኔ የመሰለኝ ፓምፑ አንሶ ነው። ሄድኩና ትልቅ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 2,000 ጋሎን ይላል፤ ወደ 7,500 ሊትር መሆኑ ነው። የሚገጥምልኝ ሳፈላልግ አንድ የሚኒባስ ሹፌር አዘዞ ያለ ኤሌትራውቶ ጠቆመኝ። ኤሌትራውቶው ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ አልጽፍም።

ገና ፓምፑን ሳሳየው «ጋሼ፣ እኔ የመኪና ሰው ነኝ። ጀልባ ሠርቼ አላውቅም» አለኝ። ልነሳ ስል ግን ጥያቄ ጀመረ። ውሃው የሚገባው ባዶዋን ስትሄድ ነው ወይስ ሰው ሲሞላ? ፓምፑ እየሠራ ነው ወይስ ካቆመ በኋላ? እኔ እንጃ አልኩት። «እንግዲያው ሳናያት አንገጥምም» አለ። በነጋታው ዕቃውን በጆንያ ይዞ በቆላ ድባ በኩል አብሮኝ ወረደ።

ጎርጎራ ስንደርስ አዲሱን ፓምፕ ከካርቶኑ እንኳ አላወጣም። ዳር ላይ የቆሙ ስድስት ጎረምሶች ለምኖ ጀልባዋ ኋላ ላይ አስቀመጣቸው። ጀልባዋ ዝቅ አለች። ፓምፑ ውሃ የሚተፋበት ቀዳዳ ሐይቁ ውስጥ ገባ። በተቃጠለው ፋንታ የራሱን ትንሽ ፓምፕ አስገብቶ ለአፍታ አስነሳና አጠፋው። «ጋሼ፣ እጅዎን እዚህ ያድርጉ» አለኝ። ወለሉን ከፍቼ እጄን ከተትኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ጣቴን እየገፋ ይመጣል። ጣና በጎማው ወደ ኋላ እየፈሰሰ ነው!

ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ስቦ እንደ መቅዳት ነው፤ ጎማው አንዴ ከሞላ ከዚያ በኋላ ራሱ ይወርዳል። እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ ደግሞ ሲቆም ውሃ አያግድም፣ ክፍት በር ነው። ባዶዋን ስትሄድ ቀዳዳው ከውሃው በላይ ስለሚሆን ምንም የለም። ሰው ሲሞላ ግን ፓምፑ ያወጣውን ሐይቁ መልሶ ይልካል። ትልቁን ፓምፕ በዚያው ቀዳዳ ብገጥመው ኖሮ በሰፊ ጎማ ሰፊ ውሃ ነበር የምጋብዘው።

የድሮውን ቀዳዳ በፋይበር አስደፈነ። አዲሱን ከላይ፣ ከጠርዙ ሥር ሰረሰረ። ጎማውም መጀመሪያ እስከ ላይ ወጥቶ ከዚያ ነው ወደ መውጫው የሚታጠፈው።

የድሮው ፓምፕ ለምን እንደሞተም ፈትቶ አሳየኝ። የእምቦጭ ሥር እንደ ጥቁር ፀጉር ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሟል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የማይገባበት የለም፤ በገመድም በእግርም ተጎትቶ ጀልባ ውስጥ ይገባል። ባትሪው ጋ ደግሞ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። ዲናሞው ታንቆ ሲቆም ገመዱ ግሎ ላስቲኩ ቀልጧል። እሳት አለመነሳቱ የመድኃኔ ዓለም ጥበቃ ነው። አሁን ፓምፑ ዙሪያ በእጅ ተነስቶ የሚታጠብ ወንፊት አለው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥርም አላመነውም። ቁጥሩ የሚለካው ፓምፑ ውሃውን ሽቅብ ሳይገፋ ነው አለኝ። 20 ሊትር ጀሪካን መውጫው ላይ ደቅኖ በስልኩ ሰዓት ያዘ። በካርቶኑ ሒሳብ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ መሙላት ነበረበት። በድሮው ሽንትር ሽንትር ጎማና ቀጭን ገመድ 19 ሰከንድ ፈጀ። መለኪያውን ፓምፑ ጋ ሲያደርግ 10.4 ቮልት፤ ባትሪው ጋ 12.5። ሁለት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። ገመዱን በወፍራም፣ ጎማውን ውስጡ ልስልስ በሆነ ሰፊ ጎማ ለወጠ። 14 ሰከንድ። «ከዚህ አይወርድም፤ ከፍታው ይበላዋል» አለ። እኔ በዚህች ቅንነቱ ነው የወደድኩት። ሌላው ቢሆን በሰዓት 7,500 ሊትር ገጠምኩልህ ብሎ ይሸኘኝ ነበር።

ሌላም አለ። ትንሽ ፓምፕ አስገዝቶኝ እታች፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። የዕለት ጠብታውን እሱ ይመጥጣል። ትልቁ አራት ጣት ከፍ ብሎ ተሰቀለ። እያንዳንዱ እንደ ሮቶ ኳስ ውሃ ሲያነሳው የሚያስነሳው የራሱ ተንሳፋፊ አለው። ትልቁ ከተነሳ ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። ያንን ሹፌሩ እንዲያውቅ የባጃጅ ክላክስ አብሮ አሰረለት። አንድ ቀን ሐይቁ መሃል ሲጮኽ ተሳፋሪው ሁሉ ባጃጅ ፍለጋ ዞረ አሉ።

የገመዱን መጋጠሚያ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ አልተወውም፤ ሁሉንም ከላይ ሰቀለው። ሲነጋ የጀመረ እስኪመሽ ቆየ። የእጅ ዋጋው የፊተኛው ሰው ከወሰደብኝ ግማሽ አይሞላም። ልጨምርለት ስል «የመማሪያዬ ነበረች» ብሎ ሳቀብኝ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅህ ይባረክ።

ጎርጎራ ላይ ጀልባ ያላችሁ፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልካለሁ። አስቀድማችሁ ግን ጀልባችሁ ሰው ሲሞላባት የፓምፑ መውጫ የት እንደሚደርስ እዩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። እሁድ ደግሞ አትደውሉለት። እኔ ደውዬ ተቆጥቶኛል።