«30×21» የተጻፈበት አጉሊ መነጽር፦ ለኦፓል የተሸጠ፣ ለቅሪተ አካል ሲታይ

ወሎ ውስጥ፣ ወገልጤና ላይ ኦፓል (የከበረ ድንጋይ) በሚገላበጥበት ሁሉ ተጣጣፊ አጉሊ መነጽር አይጠፋም። ከሁሉ የተለመደው ብርማ ልባስ ያለው፣ ጎኑ ላይ «30×21 ሚሜ» የሚል የተጻፈበት ርካሹ ነው። የሻርክ ጥርስና የአሞናይት (ዘሩ የጠፋ ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት) ስባሪ ለሚሰበስብ ሰው ይሆናል? ይሆናል። ደግነቱ 30 እጥፍ አለመሆኑ ነው።

21 የመስታወቱ ስፋት ነው፤ 30 ደግሞ የሻጩ ምኞት። ገንዘብ ሳይከፍሉ እዚያው ሱቅ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ከመስኮቱ ራቅ ብለው፣ ነጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይያዙ። መነጽሩን ከወረቀቱ ፊት አድርገው፣ የመስኮቱ ምስል ተገልብጦ ጥርት እስኪል ያቅርቡ፣ ያርቁ። ከመስታወቱ መሀል እስከ ወረቀቱ ያለውን በማስመሪያ በሚሜ ለክተው 250ን ለዚያ ያካፍሉ። 25 ሚሜ ከመጣ 10 እጥፍ፣ 31 ከመጣ 8 እጥፍ ነው። እውነተኛ 30 እጥፍ ቢሆን ምስሉ 8 ሚሜ ላይ ይጠራ ነበር፤ እንዲያ ያለ ነጠላ መስታወት ደግሞ እንደ ብይ ይድቦለቦላል እንጂ 21 ሚሜ አይሰፋም። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ 10 እጥፍ ወይም ከዚያ በታች ናቸው።

ለዚህ ሥራ የሚፈለገውም 10 እጥፍ ነው። እውነተኛ 30 እጥፍ ይዘው 8 ሚሜ ድረስ መጠጋት ካለብዎት ሸካራ ድንጋይ ላይ ብርሃን አይገባም።

ድክመቱ ጠርዙ ላይ ነው። ነጠላ መስታወት ስለሆነ የሚጠራው መሀሉ ብቻ ነው፤ ዳር ዳሩ ይጎብጣል፣ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለምም ይታያል። ኦፓል የሚያይ ሰው ይህን ከቁብ አይቆጥረውም፤ የጥርስ ጠርዝ ለሚያይ ግን ያታልላል። ሦስት መስታወት ተጣብቆ የተሠራው ባለ 10 እጥፍ ይህ ችግር የለበትም። ሌላው ችግር መስታወቱን የያዘው ቀለበት ብሎኑ እየላላ መውለቁ ነው፤ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም ያስቆመዋል።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መነጽሩ ዓይን ላይ ጥግት ይላል፤ ወደ እሱ የሚቀርበው ድንጋዩ ነው።

የክሪቴሺየስ ዘመን (ከ145 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት) የባሕር ቅሪቶች በየስብስቡ የሚታዩት ብዙ ጊዜ ከሞሮኮ ፎስፌት (ለማዳበሪያ ከሚቆፈር ድንጋይ) ነው፤ ማጭበርበሪያውም እዚያው ነው። የሞሳሶር (ዘሩ የጠፋ ግዙፍ የባሕር ተሳቢ) ጥርስ «ከነድንጋዩ» ሲሸጥ፣ ጥርሱና ድንጋዩ የሚገናኙበትን መስመር ይዩ። የአሸዋ ቅንጣቶቹ በሚያብረቀርቅ ነገር ከተያዙ ወይም የአየር አረፋ ከታየ ሙጫ ነው። የጋለ መርፌ ቢነካው ይለሰልሳል፣ ይሸታል። ከሻርኮቹ ስኳሊኮራክስ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው፤ ክሬቶላምና ልሙጥ ነው። ጥርሱ ተፈግፍጎ ልሙጥ ሊመስል ስለሚችል፣ ከጫፉ ይልቅ ወደ ሥሩ የቀረበውን ጠርዝ ይመኑ። አሞናይት ላይ እንደ ጎመን ቅጠል የተቆራረጠው ስፌት (የውስጥ ግድግዳዎቹ ከዛጎሉ የሚገናኙበት መስመር) ውሃ ሲነካ ጎልቶ ይወጣል፤ ግን የጁራሲክም (ከክሪቴሺየስ በፊት ያለው ዘመን) እንዲሁ ስለሆነ ዘመን አይነግርም።

የወሎው ነገር ሌላ ነው። የደሴ ጥቁር ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የባሕር ፍጥረት አይጠበቅበትም። በስንጥቅ ላይ የሚታየው ጥቁር «ቅጠል» አብዛኛውን ጊዜ የማንጋኒዝ ሥዕል ነው፤ በመነጽር ሲታይ የቅጠል ደም ሥር የለውም። በሰሜን ሸዋ በኩል ያለው የጀማና የወንጪት ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የባሕር ነው፣ ግን ጁራሲክ፤ ስለዚህ የዚያን ቀንድ አውጣ ከሞሮኮው ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ መክተት ስህተት ነው። ቁፋሮ ፈቃድ ስለሚጠይቅ በመነጽር አይቶ፣ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንስቶ እዚያው መተው ነው።

ለኦፓል ብሎ የገዛ ሌላ መግዛት አያስፈልገውም። አዲስ የሚገዛ ግን ጨመር አድርጎ ባለ ሦስት መስታወቱን ይውሰድ፤ እሱም ላይ የመስኮቱን ፈተና አይዝለል።