ዘይትህ ስንት ዲግሪ ነው ብሎ የጠየቀኝ ባለሱቅ

ቡሬ ውስጥ የዘይት ፓምፕ እጠግናለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ሱቅ «ስቴንለስ ነው» ብሎ የሸጠልኝ የሲል (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚያሽገው ክፍል) ሞላ በሦስተኛው ወር ተሰበረ። ስፈታው ነቀዝ እንደበላው በቆሎ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። የፈጀው የክሎሪን እጥበት ነው። ለካ ሞላው 304 የሚባለው፣ ክሎሪን የማይችለው የስቴንለስ ዓይነት ነበር። ኦሪንጉም (የማሸጊያ ቀለበቱ) ኢፒዲኤም የሚባል ጎማ ስለሆነ ዘይት ጠጥቶ አብጧል። ኢፒዲኤም ለሙቅ ውሃና ለእንፋሎት ግሩም ነው፤ ዘይት ላይ ግን በፍጹም!

አሁን የምገዛው ባሕር ዳር ካለ ሌላ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ገና ሳልቀመጥ «ወንድሜ፣ ዘይትህ ስንት ዲግሪ ነው? በምንስ ታጥባለህ?» አለኝ። የቀድሞው የጠየቀኝ ዲያሜትሩን ብቻ ነበር። 316 ከሚባለው ስቴንለስ የተሠራ ሞላ ሰጠኝ። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስላለው ክሎሪንን ከ304 በተሻለ ይቋቋማል። ቢሆንም ካጠብኩ በኋላ በንጹህ ውሃ ደጋግሜ አለቀልቃለሁ።

ለኦሪንጉ ቫይተን የሚባለውን ጎማ ፈልጌ ነበር፤ እስከ 200 ዲግሪ ይችላል። እሱ ግን «ዘይትህ 80 ካላለፈ ናይትራይል ጎማ ይበቃሃል» ብሎ ርካሹን ሸጠልኝ። እንዲህ ያለ ነጋዴ ይባረክ። ስድስት ወር ሆነው፤ ጠብታ አላየሁም። የማማርረው ደረሰኙ ላይ የብረቱን ዓይነት ስለማይጽፍ ነው። እናንተ ስትገዙ አስጽፉት።