ካተርሃም ሰቨን ወይስ ኤሪየል አተም?

ሁለቱም እንግሊዝ አገር በትንሽ ቁጥር የሚሠሩ፣ ለምቾት ደንታ የሌላቸው መኪኖች ናቸው። አመጣጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ሰቨንን የሎተስ መኪና ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በ1973 ካተርሃም የተባለው ኩባንያ የማምረት መብቱን ገዛ፤ እስካሁንም ያንኑ ቅርጽ እያሻሻለ ይሸጣል። ሞተሩ ከፊት ነው። ከፈለጉ ዕቃውን ሳይገጣጠም ተረክበው ራስዎ ይገጣጥሙታል።

አተም የተጠነሰሰው በ1996 ኮቨንትሪ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በተማሪ ፕሮጀክት ነው። ይዩት እስቲ፦ በር የለ፣ ጣሪያ የለ። አካሉ ራሱ የብረት ቱቦ ነው፤ ብየዳው ሳይቀር በዓይን ይታያል። ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ነው፤ መጀመሪያ የሮቨር፣ ኋላ የሆንዳ።

ዝናብ ከመጣ ሰቨን ቢያንስ የሸራ ጣሪያ ይገጠምለታል። ገንዘቡ ቢኖረኝ እሱን ነበር የምገዛው። መፍቻ ይዞ ማምሸት ደስ ይለኛላ!